የሎጋዋ ሹራብ

ውሸቱ የተጀመረው በምሳ ሰዓት ነው።

ልጅቷ ኮሌጅ ከገባች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። የመጣችው በመረብ ኳስ ተመልምላ ነው። አጠር ያለች፣ ጣቶቿ የፈጠኑ፣ ሌሎቹ ዘለው እንዲመቱት ኳሱን ከመረቡ በላይ የምታመቻች ተጫዋች ናት። በሰፈሯ ቡድን እሷ ሳትነካው የሚያልፍ ኳስ አልነበረም። እዚህ ግን ያንን ቦታ የአራተኛ ዓመቷ ካፒቴን ይዛዋለች፤ ካፒቴኗ ደግሞ ጉንፋን እንኳ የማይደፍራት ብርቱ ሴት ናት። ስለዚህ ልጅቷ ጠዋት ከሌሎቹ ጋር ትሮጣለች፣ ከሰዓት ከሌሎቹ ጋር ትዘላለች፣ የጨዋታ ቀን ሲደርስ ግን ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ተጠባባቂዎች ወንበር ላይ ትቀመጣለች።

በቡድኑ ውስጥ ሁሉም ቅጽል ስም አለው። አንዷ ጥይት ናት፤ አንዷ ሁልጊዜ ስለምትዘገይ ኤሊ። እሷን "አዲሷ" ይሏታል። ክፋት የለበትም፤ ስሟን ለመጠየቅ የቸኮለ ሰው ጠፍቶ ነው። "አዲሷ፣ ኳሶቹን ሰብስቢ።" "አዲሷ፣ በሩን ዝጊው።" ተጫዋቾቹ አሥራ ሦስት ስለሆኑ ከሜዳቸው ውጭ ሲጫወቱ አውቶቡስ ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጡና አንድ ሰው ይተርፋል። የምትተርፈው እሷ ናት። አጠገቧ የኳስ ከረጢቱን ያስቀምጡላታል። መንገዱ ሲጠማዘዝ ከረጢቱ መጥቶ ትከሻዋ ላይ ይደገፋል፤ እሷም እንደ ሰው በክርኗ ቀስ አድርጋ ትመልሰዋለች።

መኝታ ክፍሏም ከዚህ አይሻልም። አብራት የምትኖረው የኬሚስትሪ ተማሪ ጥሩ ልጅ ናት፤ ግን ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ መጽሐፍ ላይ ከተደፋች ቤት ቢቃጠል አትሰማም፤ ዓርብ ሲሆን ደግሞ አክስቷ ቤት ትሄዳለች። ልጅቷ ያደገችው ጫጫታ ውስጥ ነው። እናቷ ሹራብ ሠሪ ናት። የሹራብ ማሽኑ ሳሎኑን ግማሽ በግማሽ ይዞ ቀኑን ሙሉ ሸርተት ቀጭ፣ ሸርተት ቀጭ ይላል፤ ከማሽኑ በላይ መንታዎቹ ወንድሞቿ ይጮኻሉ፣ ከመንታዎቹ በላይ እናቷ ትጮኻለች። እዚያ ሳለች "ዝም በሉልኝ!" የማትልበት ቀን አልነበረም። አሁን ዝም ያለ ክፍል አገኘችና ምን እንደምታደርገው ጠፋት።

ከሁሉ የባሰው ግን ምሳ ነው። የምግብ አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ጠረጴዛዎቹ የስምንት ስምንት ሰው ናቸው። ከስምንቱ ወንበር አንዱ ላይ ብቻዋን ስትቀመጥ ቀሪዎቹ ሰባቱ አፍ አውጥተው የሚያወሩባት ይመስላታል። ትሪዋን ይዛ ቆማ "እዚህ ልቀመጥ?" ለማለት ሁለት ጊዜ ሞክራ ነበር። አንደኛው ጊዜ "ሰው አለበት" አሏት። ሁለተኛው ጊዜ ወንበሩን ሰጧትና የራሳቸውን ወሬ ቀጠሉ፤ እሷም ጨዋታው ያልገባው እንግዳ መስላ ሲስቁ እየሳቀች በላች። ከዚያ ወዲያ ዘዴ አገኘች። ሳህኗን አስቀምጣ እናቷ ጋ መደወል ነው። ስልክ ጆሮው ላይ የያዘ ሰው ብቻውን ነው አይባልም፤ ሥራ በዝቶበት ነው የሚባለው። እናቷ ካላነሳችላትም ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች "እሺ... አዎ... እሺ" እያለች ትበላለች።

በዚያ ቀን እናቷ አንስታለች።

"ምን እየበላሽ ነው?"

"ሩዝ።"

"ከማን ጋር?"

እናቷ ይህን ያለችው እንደ ዋዛ ነው፤ ማሽኑም አልቆመም። ልጅቷ ግን ማንኪያዋን አስቀመጠች። ቀና ስትል በሩቁ ጠረጴዛ ላይ ሎጋዋን አየቻት። ሎጋዋ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ የቡድኑ ዋና መቺ ናት፤ ተቀምጣ እንኳ ከቆሙት ጋር ትስተካከላለች። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ጮክ ብላ እየሳቀች ነበር።

"ከጓደኛዬ ጋር" አለች ልጅቷ።

"እልል! ማናት እሷ?"

"ሎጋዋ እንላታለን። ረጅም ስለሆነች።"

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ምንም አልነበረም። ነገር ግን እናት የልጇን ጓደኛ ዝም ብላ አታልፍም። በማግሥቱ "ሎጋዋ ደህና ናት?" አለች። በሦስተኛው ቀን "ዛሬስ አብራችሁ ናችሁ?" አለች። ልጅቷም ዓይኗን በጨው አጥባ መለሰች። ትንሽ በትንሽ ሎጋዋ ሥጋና ደም ለበሰች። ካሮት አትወድም፤ ካሮቷን ለልጅቷ ትሰጣታለች። መብራት ሲጠፋ ትፈራለች። እህት ስለሌላት ልጅቷን እንደ ታናሽ እህቷ ነው የምታያት። እውነተኛዋ ሎጋዋ በዚያ ሁሉ ጊዜ ለልጅቷ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም "ውሃ አቀብዪኝ" የሚል ነው።

አንድ ቀን እናቷ "ቁመቷ ስንት ይሆናል?" ብላ ጠየቀች።

"ምነው?"

"ዝም ብዬ ነው።"

"እጇን ስትዘረጋ ከመረቡ በላይ በክንድ ታልፋለች።"

"እኔ የናንተን መረብ የት አውቄው! ካንቺ በምን ትበልጣለች?"

"እኔ ትከሻዋ ጋ ነኝ።"

"ክንዷስ?"

ይህን ልጅቷ በደንብ ታውቀዋለች። ለሎጋዋ ኳስ አመቻችታ ባታውቅም፣ ከመስመር ውጭ ቆማ የሎጋዋን እጅ በዓይኗ ስትለካ ነው የከረመችው፤ ኳሱ የት ቦታ ቢጠብቃት ደስ እንደሚላት ከካፒቴኗ ይልቅ እኔ አውቃለሁ ትላለች በልቧ። በስንዝር ቆጥራ ነገረቻት። እናቷም "በቃ፣ በቃ" ብላ ወሬ ቀየረች።

ከአሥር ቀን በኋላ የጎረቤታቸው ልጅ፣ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር፣ መናኸሪያ ጠርቶ አንድ ፌስታል ሰጣት። ውስጡ ሁለት ሹራብ ነበር። አንዱ ሰማያዊ፣ የእሷ። ሌላው ወይን ጠጅ፣ እጅጌው ተዘርግቶ የማያልቅ። ሹፌሩ ሳቀ። "ይሄኛውን ለቀጭኔ ነው የሠራችው እንዴ?" አላት። ልጅቷ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት።

ሹራቡን ፍራሿ ሥር ሸጎጠችው። ማታ ስትተኛበት ጎኗን ይቆረቁራት ጀመር፤ ሹራቡ ለስላሳ ነው፣ የሚቆረቁራት ሌላ ነገር ነው።

"ለበሰችው?" አለች እናቷ።

"ለበሰችው።"

"እንዴት ሆነላት?"

"ልክክ አለላት።"

"በይ እስቲ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ።"

"እሺ እማዬ" አለች ልጅቷ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካሜራው ተበላሽቷል፣ ሎጋዋ ሹራቡን አጥባው አልደረቀም፣ ፈተና አለባት፤ ምክንያቱ ሁሉ አለቀባት።

በዚህ መሃል ነው ሎጋዋ የተጎዳችው። ማክሰኞ ልምምድ ላይ ኳስ መትታ ስትወርድ የጥይት እግር ላይ አረፈችና ጉልበቷ ተጠመዘዘ። ሎጋዋ አልጮኸችም፤ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ "አይ፣ አይ፣ አይ" ብቻ ትል ነበር። አሰልጣኙና ካፒቴኗ ደግፈው ወሰዷት። ሌሎቹ ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ተከትለው ወጡ። አዲሷ ኳሶቹን ሰበሰበች፤ ማንም ሰብስቢ ባይላትም ሌላ ምን እንደምታደርግ አላወቀችም።

በማግሥቱ ከሰዓት ሹራቡን በፌስታሉ አድርጋ የሎጋዋን ክፍል አንኳኳች። በመንገድ ላይ የምትለውን አሥር ጊዜ አጥንታ ነበር። ሎጋዋ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ጣሪያውን ታያለች። ትናንት ክፍሉን የሞሉት ሰዎች ያመጡት ብርቱካን ጠረጴዛው ላይ ተከምሯል፤ ሰዎቹ ግን የሉም።

"አንቺ... አዲሷ ነሽ አይደል?"

"አዎ። እናቴ ሹራብ ሠርታልኝ ነበር፤ ረዘመብኝ። ምናልባት ላንቺ ልክ ይሆናል ብዬ።"

ሎጋዋ ሹራቡን ገለጥ አድርጋ አየችው። "አመሰግናለሁ በያት" አለችና አልጋው ጫፍ ላይ ጣል አደረገችው። ልጅቷ ትንሽ ቆመች። "ሌላ ነገር አለ?" አለቻት ሎጋዋ። ሌላ ነገር አልነበረም። አንኳኩታ ገብታ እስክትወጣ ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ደረጃውን ስትወርድ ግን ቢያንስ ውሸቱ ግማሽ እውነት ሆነ ብላ ትንሽ ቀለል አላት።

ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ልጅቷ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ስትበላ፣ ፊት ለፊቷ ያለው ወንበር ተሳበ። ሎጋዋ ናት። ክራንቿን ጠረጴዛው ላይ አጋድማ፣ የታሰረ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ወይን ጠጁን ሹራብ ለብሳዋለች። ከኪሷ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣችና በሳህኑ አጠገብ አስቀመጠችው።

"እጅጌው ውስጥ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ነበር" አለች። "አንብቢው።"

የእናቷ እጅ ጽሑፍ ነው። ልጅቷ ስልኩን አስቀምጣ አነበበችው።

"ለልጄ ጓደኛ። ልጄ ብቻዋን ስትሆን ምግብ አይበላላትም። አንቺ አብረሻት መብላት ከጀመርሽ ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኛል። እግዜር ያክብርልኝ። በጤና ልበሺው።"

የልጅቷ ፊት እንደ እሳት ጋለ።

"ይሄ ለኔ ነው የተጻፈው?" አለች ሎጋዋ።

"አዎ።"

"ስንት ቀን ነው አብረን የበላነው?"

"ሠላሳ አንድ ቀን።"

"ቆጥረሻል?"

"እናቴ ናት የምትቆጥረው።"

ሎጋዋ ሳቅ አፈናት። "እሺ፣ ምን ምን አወራን?"

መዋሸት ከዚህ በላይ አልተቻለም፤ ልጅቷ ሁሉንም ነገረቻት። ካሮቱን፣ መብራቱን፣ እህት የለሽም ማለቷን። ሎጋዋ መጀመሪያ ላይ ከት ከት ብላ ሳቀች። "ካሮት እኮ ነፍሴ ነው!" አለች። እህቶቹ ላይ ሲደርሱ ግን ሳቋ ቆመ። "ሦስት እህቶች አሉኝ" አለች። "ጉልበቴ መጎዳቱን ከሰሙ ሦስት ቀናቸው ነው። አንዷ እንኳ አልደወለችም።" ከዚያ ፊቷ ተለወጠ፤ ለማን እንደተናደደች ለራሷም ግልጽ አልነበረም። "ሳታውቂኝ እንዴት ስለኔ ታወሪያለሽ? መጥተሽ አታናግሪኝም ነበር?"

"ምን ብዬ?"

"ምን አውቃለሁ! ሰው የሚለውን ነገር ነዋ!"

ክራንቿን ሰበሰበችና ተነሣች። ጥቂት ከሄደች በኋላ ዞር አለች። "ደግሞ ልክክ አላለልኝም። እጅጌው በሁለት ጣት ያጥራል።"

ልጅቷ ምሳዋን ትታ ወጣች። ከስፖርት አዳራሹ ጀርባ፣ የተሰበሩ ወንበሮች የተከመሩበት ቦታ ሄዳ ለእናቷ ደወለች። "እማዬ፣ ጓደኛ የለኝም" አለቻት። ከዚያ በላይ ማሳመር አልቻለችም።

ማሽኑ ቆመ።

"አውቃለሁ እኮ፣ እናትዬ" አለች እናቷ።

"እንዴት አወቅሽ?"

"ጓደኛ ያላት ልጅ በየቀኑ ምሳ ሰዓት እናቷ ጋ ትደውላለች እንዴ? አንቺ እዚህ ሳለሽ ከልጆቹ ጋር ስትሆኚ ሦስት ጊዜ ጠርቼሽ አትሰሚኝም ነበር።"

"ታዲያ ሹራቡን ለምን ሠራሽው?"

"ሹራብ እጅሽ ላይ ካለ አንድ ቀን መስጠትሽ አይቀርም ብዬ ነዋ። ሌላ ምን አቅም አለኝ? መጥቼ አጠገብሽ አልቀመጥ።"

"ደብዳቤውንስ?"

"እሱን አንድ ሰው አንብቦት እንዲያዝንልኝ ነው የጻፍኩት" አለች እናቷ፤ ድምፅዋ ተሰበረ። ወዲያው ግን ጉሮሮዋን ጠረገች። "ተቆጣች?"

"ተቆጥታለች።"

"ጥሩ ነው። ያልተቆጣ ሰው ነው ረስቶ የሚሄደው። አሁን ምሳሽን ጨርሺ።"

ቅዳሜ ጨዋታ ነበር። ልጅቷ እንደ ልማዷ ፎጣዋን ይዛ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጥቂት ቆይቶ ሎጋዋ በክራንች እየተንገዳገደች መጥታ አጠገቧ አረፈች፤ እግሯን ለመዘርጋት የሚመቸው እዚያ ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ሎጋዋ ኮሌጅ ከገባች ጀምሮ ጨዋታን ከወንበር ላይ አይታ አታውቅም። እጇን ታፍተለትላለች፣ ብድግ ልትል ትልና ጉልበቷ ይይዛታል።

የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ "ይሄ ወንበር እንዲህ ይቀዘቅዛል እንዴ?" አለች።

"ሁለተኛው ዙር ላይ ይሞቃል።"

"ሁሌ እዚህ ነው የምትቀመጪው?"

"ሁሌ።"

ሎጋዋ ዞር ብላ አየቻት። ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ይሆናል በደንብ ያየቻት።

በሦስተኛው ዙር መሃል ካፒቴኗ ኳስ ስትከላከል ትንሽ ጣቷ ታጠፈባትና ፊቷ ገረጣ። አሰልጣኙ ወደ ወንበሩ ዞሮ ጣቱን ቀሰረ። "አንቺ!" ልጅቷ ፎጣውን ጥላ ገባች። አመቻች መጮኽ አለበት፤ "የኔ ነው!" ማለት አለበት፣ የማንን እጅ እንደሚመርጥ መጣራት አለበት። እሷ ግን ሁለት ወር ሙሉ ከስልክ በቀር ድምፅዋን ለሰው አውጥታ አታውቅም። የመጀመሪያው ኳስ ሲመጣ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። ጥይትና ኤሊ ለዚያው ኳስ ሮጠው ተላተሙ።

ከወንበሩ ጫፍ ክራንች ወለሉን ሲደበድብ ተሰማ። "አፍሽን ክፈቺ!" አለች ሎጋዋ። "ለእናትሽ የምታወሪበትን አፍ ክፈቺው!"

ልጅቷ እንባዋና ሳቋ አንድ ላይ መጡባት። ቀጣዩ ኳስ ሲመጣ ቤታቸው ውስጥ ከማሽኑና ከመንታዎቹ በላይ የምትጮኽበት ያ ድምፅ ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ወጣ፤ "የኔ!" ጥይት ደንግጣ ቆመች። ኳሱ ከመረቡ በላይ ተንሳፍፎ ጠበቃት፤ ጥይት መትታ አስገባችው። ከዚያ አራት ጥሩ ኳስ አመቻቸች፤ ሦስት ደግሞ አበላሸች። ጨዋታውን ተሸነፉ። ካፒቴኗ ጣቷን በበረዶ ይዛ "ድምፅሽ አስቀያሚ ነው፤ ግን ይሰማል" አለቻት፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም በካፒቴኗ ቦታ ልጅቷ እንደምትገባ ነገረቻት።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ተስተካከለ ማለት አይቻልም። ምሳ ብዙውን ጊዜ ብቻዋን ነው፤ የኬሚስትሪ ተማሪዋም ማዳመጫዋን አላወለቀችም። ሎጋዋ አንዳንድ ቀን መጥታ ትቀመጣለች፤ አንዳንድ ቀን ከሩቁ ጠረጴዛ ሆና እጇን ብቻ ታነሣለች፤ ሲከፋት ደግሞ ማንንም አታናግርም። ሲያወሩም ወሬያቸው እንደዚያኛው የተቀባባ አልነበረም፤ የጉልበት ሕመም፣ የአሰልጣኙ ጭቅጭቅ፣ ያልተጠና ፈተና ነው። ልምምድ ካለቀ በኋላ ግን ሎጋዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ ኳስ ትወረውርላትና ልጅቷ ታመቻቻለች። "ዝቅ አለ። አሁንም ዝቅ አለ። የምመታው እኔ ብሆን ኖሮ ትሰደቢ ነበር" ትላታለች ሎጋዋ፤ ሃምሳ ጊዜ፣ መቶ ጊዜ።

በወሩ መጨረሻ ሐኪሙ ጉልበቱ ያለ ቀዶ ጥገና አይድንም አለ። ሎጋዋ ዓመቱን አቋርጣ ቤተሰቦቿ ጋ እንድትሄድ ተወሰነ። የሄደችው ሰኞ ከሰዓት ነው። ሌሎቹ ዋዜማውን ተሰብስበው ተሰናብተዋት ስለነበር፣ ሻንጣዋን እስከ ግቢው በር የጎተተችላት ልጅቷ ናት። ታክሲው ዘገየ። ሁለቱም መንገዱን ያያሉ።

"እፈራለሁ" አለች ሎጋዋ በድንገት። "ባይድንስ?"

ልጅቷ ለማጽናናት ቃል ፈለገች። ይድናል ማለት ይቻል ነበር፤ ግን ከእንግዲህ የማታውቀውን ነገር መናገር አልፈለገችም። "አላውቅም" አለች። "እደውልልሻለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከጨዋታ በኋላ።"

"ያሸነፈውን አትንገሪኝ። አንቺ ያደረግሽውን ነው የምትነግሪኝ።"

"እሺ።"

ታክሲው መጣ። ሎጋዋ ወደ ኋላ ወንበር በጎን ገብታ እግሯን በእጆቿ አንስታ አስገባችው። መስኮቱን ዝቅ ልታደርግ ስትታገል መኪናው ተንቀሳቀሰ፤ የመጨረሻው ቃሏ አልተሰማም።

ልጅቷ መኪናው መታጠፊያው ላይ እስኪሰወር ቆመች። ከዚያ ግቢውን ብቻዋን አቋርጣ ተመለሰች። ሰው ሁሉ ወደ ክፍሉ በሚጣደፍበት መንገድ መሃል ቀስ ብላ ተራመደች። ልምምድ ከተጀመረ ሃያ ደቂቃ አልፎታል። አሰልጣኙ ሰዓቱን አሳይቶ በእጁ ክብ ሠራላት፤ አሥር ዙር ማለቱ ነው። ጫማዋን አጥብቃ አሠረችና ሌሎቹ በሚጫወቱበት ሜዳ ዙሪያ መሮጥ ጀመረች። አራተኛው ዙር ላይ ኤሊ፣ እሷም ዘግይታ ኖሮ፣ ከበሩ ገብታ እያለከለከች ተከተለቻት።

"ስንት ቀረሽ?" አለች ኤሊ።

"ስድስት።"

"እኔ አሥሩም ይቀሩኛል። ቀስ በይልኝ እንጂ!"

ልጅቷ ፍጥነቷን ቀነስ አደረገች።